ሳላመለክት «አልተፈቀደልዎትም» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ክሬዲቴን ላግደው?

ሳሚ_አሌክሳንድሪያ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ብዙ ጊዜ አንብቤ ዝም ብዬ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን የራሴ ጉድ አመጣኝ።

ቅዳሜ ከሥራ ገብቼ የፖስታ ሳጥኑን ስከፍት አንድ ደብዳቤ አገኘሁ። «ያቀረቡትን የክሬዲት ካርድ ማመልከቻ መቀበል አልቻልንም» ይላል። ከታች ምክንያቱን ዘርዝሯል፤ «በአጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ አዲስ አካውንት ተከፍቷል» የሚል አለበት። እኔ ከሁለት ዓመት ወዲህ ምንም ነገር አላመለከትኩም። ማስታወቂያ መስሎኝ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። ከዚያ ያወጣችው ባለቤቴ ናት። «ሰውዬ፣ ይሄ እኮ ባንክ ነው» አለችኝ።

ማታ ላፕቶፕ ከፍቼ ነጻውን የክሬዲት ሪፖርት አወጣሁ። በስሜ ሁለት የማላውቀው ነገር ተቀምጧል። አንዱ 3,840 ዶላር የተበላበት ካርድ ነው። ሌላው ሁለት ስልክ የተወሰደበት የስልክ አካውንት። ረግጬ የማላውቀው ከተማ ደግሞ «የቀድሞ አድራሻ» ተብሎ ገብቶልኛል። እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የሥራ ባልደረባዬ «ክሬዲትህን ፍሪዝ አድርገው፣ አግደው ማለት ነው» አለኝ። ሌላው ደግሞ «እንዳታደርገው፣ ስኮርህን፣ የክሬዲት ነጥብህን፣ ይገድለዋል፣ ለማስከፈትም ገንዘብ ይጠይቁሃል» ይላል። እኔ በሚቀጥለው ወር መኪና ልገዛ ነበር። የምታውቁ ንገሩኝ፤ ማንን ልመን?

ሚሚ_ነርስ፦

አይዞህ ወንድሜ። ሁለተኛው ባልደረባህ ያወራልህ ስለ ድሮው ነው። ድሮ እውነት ነበር፤ አሁን አይደለም።

እኔ ክሬዲቴን ያገድኩት በ2017 ነው። የክሬዲት ፋይላችንን ከሚይዙት ሦስት ቢሮዎች አንዱ የሆነው ኢኩዊፋክስ መረጃ ተሰረቀበት የሚል ዜና ሴፕቴምበር 7 ቀን የወጣ ጊዜ። ወደ 147 ሚሊዮን ሰው ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩ (ሶሻል የምንለው)፣ የልደት ቀኑ፣ አድራሻው ተወሰደ ተባለ። ያኔ ማታ ሺፍት ላይ ነበርን፤ አንዷ ጓደኛችን ስልኳ ላይ ስታነብልን ሁላችንም ዝም አልን። በነጋታው ለማገድ ስሞክር እንደየስቴቱ ያስከፍሉ ነበር። እኔ ለአንዱ ቢሮ 10 ዶላር ከፍያለሁ። የገዛ በሬን ለመቆለፍ ከፈልኩ ማለት ነው። እስካሁን ያናድደኛል።

በ2018 ግን ኮንግረስ ሕግ አወጣ። ከሴፕቴምበር 21 ቀን 2018 ጀምሮ በመላው አሜሪካ ማገድም፣ ለጊዜው መክፈትም፣ ጭራሽ ማንሳትም ነጻ ነው። አምስት ሳንቲም የሚጠይቅህ ካለ ወይ አታላይ ነው፣ ወይ ሌላ ዕቃ እየሸጠልህ ነው።

ስኮርህን አይነካውም። ምንም። ያለህ ካርድም እንደ ወትሮው ይሠራል።

ዛሬ ማታ ቁጭ በልና ሦስቱም ጋ አድርገው፤ ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያን፣ ትራንስዩኒየን። አንዱ ለሌላው አይነግርልህም። አንዱን ብቻ አግዶ መተኛት ሦስት በር ካለው ቤት አንዱን ቆልፎ እንደመውጣት ነው።

ኡበሩ_ዲሲ፦

እኔ ስልኬ ላይ አፕ አለኝ፣ በጣቴ ጫን ስለው «ሎክ» ይላል። በወር 20 ምናምን ዶላር ይወስዱብኛል። ከዚህ ፍሪዝ ከምትሉት በምን ይለያል? ያው አይደል?

የታክስ_ሰው፦

ያው አይደለም ወንድሜ።

ፍሪዝ በሕግ የተሰጠህ መብት ነው። ቢሮው እንዴት እንደሚያግድ፣ በስንት ሰዓት እንደሚከፍት ሕጉ ይወስንለታል። ሎክ የኩባንያው አገልግሎት ነው። የሚተዳደረውም በዚያ ተነቦ በማያልቀው፣ አንተም «እስማማለሁ» ብለህ ባለፍከው ውል ነው። የሚያስከፍል አለ፣ የማያስከፍል አለ። ደግሞም ያንተ አፕ ሦስቱንም ቢሮ ይቆልፍ እንደሆነ አረጋግጥ። ብዙ ሰው አንዱን ብቻ ቆልፎ ሦስቱንም የቆለፈ ይመስለዋል። ድረ ገጾቹ ላይ ሎኩ በትልቁ፣ በቀለም ይታይሃል። ፍሪዙ ታች በትንሽ ፊደል ነው። ለምን እንደሆነ አንተው ገምት።

ለሳሚ፦ ፍሪዝ ማለት አዲስ አበዳሪ ፋይልህን ማየት አይችልም ማለት ነው። ፋይል ያላየ ባንክ ብድር አይሰጥም፤ ሌባው ቁጥርህን ቢይዝም በሩ ላይ ይቆማል። በኢንተርኔት ወይም በስልክ ከጠየቅክ እስከሚቀጥለው የሥራ ቀን ድረስ ማገድ አለባቸው። ክፈቱልኝ ስትል ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ። በፖስታ ከሆነ ደብዳቤው ከደረሳቸው በኋላ ሦስት የሥራ ቀን አላቸው። ስለዚህ መኪናህን ትገዛለህ፣ አትጨነቅ። ዲለሩን፣ መኪና ሻጩን፣ «ሪፖርቴን ከየትኛው ቢሮ ነው የምታወጡት?» ብለህ ጠይቀው፤ ያንን ብቻ፣ ለምሳሌ ለሦስት ቀን ትከፍተዋለህ። ቀኑ ሲያልቅ ራሱ ይዘጋል።

ከፍሪዙ በፊት ግን ያቺ ከቆሻሻ የወጣች ደብዳቤ ትፈለጋለች። አበዳሪ በሪፖርትህ ምክንያት ሲከለክልህ የትኛውን ቢሮ እንዳየ በጽሑፍ ሊነግርህ ሕግ ያስገድደዋል። ደብዳቤው ላይ ስሙ አለ። ከዚያ ቢሮ በ60 ቀን ውስጥ በነጻ ሪፖርት የማግኘት መብትም አለህ። የአቤቱታህ የመጀመሪያ ወረቀት እሷ ናት፤ ባለቤትህን አመስግናት።

ፍሪዙ የገባውን ሌባ አያስወጣም፤ የሚመጣውን ነው የሚያግደው። ለገባው ወደ አይደንቲቲ ቴፍት ዶት ገቭ ሂድ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ገጽ ነው። የሆነውን ስትሞላ የማንነት ስርቆት ሪፖርት ያወጣልሃል። ያንን ከመታወቂያህና የትኛው መስመር ያንተ እንዳልሆነ ከሚገልጽ ደብዳቤ ጋር ለቢሮዎቹ ላክ። ደርሷቸው በአራት የሥራ ቀን ውስጥ መረጃው ፋይልህ ላይ እንዳይታይ ማገድ አለባቸው። ተራ አቤቱታ ግን 30 ቀን ይወስዳል። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ሳሚ_አሌክሳንድሪያ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ትናንት ማታ ተቀመጥኩ። ሁለቱ በአስር በአስር ደቂቃ አለቁ። አካውንት ከፈትኩ፣ ስልኬ ላይ ኮድ መጣ፣ አንዲት ቁልፍ ተጫንኩ፣ «ታግዷል» አለኝ። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው እንዴ እስካሁን ያላደረግኩት?

ሦስተኛው ግን ጉድ ሠራኝ። ማንነቴን ለማረጋገጥ ጥያቄ አመጣ። «ከሚከተሉት ጎዳናዎች በየትኛው ኖረዋል?» አምስት ምርጫ። አራቱን አላውቃቸውም። አምስተኛው «በአንዱም አልኖርኩም» ይላል። እሱን መረጥኩ። «ማረጋገጥ አልቻልንም» ብሎ ዘጋብኝ። ደግሜ ብገባ አሁንም ዘጋብኝ።

በኋላ ነው የገባኝ። አንደኛው ጎዳና ሌባው ያስገባው አድራሻ ነው! ቢሮው እዚያ ኖሬያለሁ ብሎ ያምናል። ሌባው ቢሆን ፈተናውን ያልፍ ነበር፤ እኔ ባለቤቱ ወደቅኩ። ባለቤቴ ከሳቋ የተነሳ ቡናውን አገነፈለችው። እኔ እንኳ መሳቅ አልቻልኩም።

በዚያ ላይ ስሜ። የአያቴ ስም «የቤተሰብ ስም» ተብሎ ገብቶ የአባቴ ስም መሃል ላይ ተቀርቅሯል። አንዱ ሪፖርት ላይ አባቴ የለም። ሌላው ላይ እኔ የለሁም፣ አባቴና አያቴ ናቸው ያሉት።

ዳላስ_ልጅ፦

ሃሃሃ «እኔ የለሁም፣ አባቴና አያቴ ናቸው ያሉት»። የሁላችንም ታሪክ ነው ወንድሜ።

ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። ፓስፖርታችን ላይ በአንድ መንገድ፣ ግሪን ካርዱ ላይ በሌላ፣ የመጀመሪያው ሥራ ላይ ደግሞ የኤች አር ልጅ እንደመሰላት ጽፋው በሦስተኛ መንገድ ይገባል። ተስፋዬን በእንግሊዝኛ ፊደል ስንት ዓይነት አድርገው እንደሚጽፉት ታውቃላችሁ። በስደተኛ ካምፕ በኩል የመጡት ደግሞ ብዙዎቹ ልደታቸው ጃንዋሪ 1 ነው። ስምና የልደት ቀን ከተመሳሰለ የአንዱ ዕዳ የሌላው ፋይል ውስጥ ይገባል። እኔ ላይ የአንድ ስሜን የሚጋራ ሰው የሕክምና ዕዳ ገብቶ ነበር። ሌባ የለበትም፤ ፋይል ተደባልቆ ነው። ለዚያ ፍሪዝ አይረዳም፤ አቤቱታ ነው መድኃኒቱ።

ሦስተኛውን በፖስታ ላከው። የመንጃ ፈቃድህን ኮፒ፣ የሶሻል ካርድህን ኮፒ፣ አሁን ባለህበት አድራሻ የመጣ የመብራት ወይም የባንክ ወረቀት። ሰርቲፋይድ አድርገህ፣ የተረከበ ሰው የሚፈርምበትን አረንጓዴ ካርድ ጨምረህ። ፖስታ ቤት ጥቂት ዶላር ይወስዱብሃል፤ «አልደረሰንም» እንዳይሉህ ግን ይጠቅማል።

ሳሚ_አሌክሳንድሪያ፦

እሺ። ነገ በምሳ ሰዓት ፖስታ ቤት ነኝ።

ቤዛ_ሲያትል፦

እኔ ደግሞ ቤት ልከራይ ነው። ፍሪዝ ካደረግኩ አከራዩ «ፋይልሽን ማየት አልቻልኩም» ብሎ ይመልሰኛል?

የታክስ_ሰው፦

በፌዴራሉ ሕግ ፍሪዙ ለተከራይ ማጣሪያ፣ ለሥራ ቅጥርና ለኢንሹራንስ የሚወጣ ሪፖርትን አይመለከትም። በተግባር ግን አከራዩ የሚጠቀምበት ድርጅት ተራ የክሬዲት ሪፖርት የሚያወጣ ከሆነ «ክፈቺልን» ይሉሻል። የማመልከቻ ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ጠይቂያቸው። ከሆነ ለሁለት ቀን ክፈቺው።

ዕዳ ያለባችሁ ድርጅቶች፣ ዕዳ ሰብሳቢዎች፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ የያዘ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ታግዶም ሪፖርቱን ማየት ይችላሉ። ስለዚህ «ክሬዲቴን አግጄ ከዕዳ ሰብሳቢ እሰወራለሁ» የሚል ካለ፣ አይሰወርም።

የናቲ_እናት፦

ሰላም። የእኔ ጉዳይ ትንሽ ይለያል። ስሜን ስለማታውቁት ነው የምጽፈው።

ልጄ ናቲ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ባለፈው ክረምት በስሙ ደብዳቤ መጣ። «ውድ አቶ» ይላል። ያልተከፈለ 612 ዶላር የመብራት ዕዳ፣ ኮሌክሽን የገባ፣ ለዕዳ ሰብሳቢ የተላለፈ ማለት ነው። እኛ በዚያ አድራሻ ኖረን አናውቅም። ናቲ ደብዳቤውን አንብቦ «ማሚ፣ እኔ ነኝ አቶ?» አለኝ። ሳቅሁ። ማታ ግን አለቀስኩ።

አጣራን። የባለቤቴ ወንድም ነው። ከአገር ቤት ያመጣነው እኛ ነን፤ ስምንት ወር ሶፋችን ላይ ተኝቷል። የታክስ ወረቀቶቻችን ያሉበትን መሳቢያ ያውቃል። የራሱ ክሬዲት ተበላሽቶ ስለነበር አፓርትመንት ሲገባ መብራቱን በናቲ ቁጥር አስገባ። ከዚያ አንድ ካርድም ሞክሯል።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ቤታችን መጡ፤ እንጀራ ተቆረሰ። እሱም መሬት ወድቆ ይቅርታ ጠየቀ። በየወሩ 100 ዶላር እከፍላለሁ አለ። አራት ወር ከፈለ። ከዚያ ስቴት ቀየረ፣ ስልክም አያነሳም። ባለቤቴ «ወንድሜን ለፖሊስ አልሰጥም፣ እኛ እንክፈለውና ይለቅ» ይላል። እኔ አላውቅም። ልጄ 18 ሲሞላው ኮሌጅ ሲገባ ይሄ ነገር ይጠብቀው ይሆን? ልክፈለው ወይስ ምን ላድርግ?

ሚሚ_ነርስ፦

የኔ እናት። አነበብኩትና አንጀቴ ተላወሰ። የታክስ ሰው፣ እባክህ ይቺን መልስላት።

ሽማግሌው_ሎስ_አንጀለስ፦

ልጆቼ፣ እኔ ብዙ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ተቀምጫለሁ። ልጄ የናቲ እናት፣ ባልሽን አትፍረጂበት። ወንድምን አሳልፎ መስጠት በእኛ ዘንድ ቀላል አይደለም። ፖሊስ ከገባበት ደግሞ የወረቀት ጉዳይ ያለበት ሰው አገር ሊለቅ ይችላል። ገንዘቡ 600 ዶላር ነው። ክፈሉትና እርቁ ይቁም። ለገንዘብ ብሎ ዘር አይቆረጥም።

የታክስ_ሰው፦

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው፤ እዚህ ላይ ግን አልስማማም።

እርቅ በሰዎች መካከል ያለውን ያስተካክላል። የቢሮዎቹን ኮምፒውተር አያስተካክልም። እነሱ የናቲ እናት ከፍላ ቢያዩ «ተከፍሏል» ብለው ይጽፋሉ እንጂ መስመሩን አይሰርዙትም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ኮሌክሽን የገባ ዕዳ ነበረበት የሚል ነገር ለዓመታት ይቀመጣል።

እህቴ፣ መክፈል የለብሽም። ናቲ ልጅ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ የብድር ውል መግባት አይችልም፤ ስለዚህ ዕዳው የእሱ ሊሆን አይችልም። ሦስቱንም ቢሮዎች በልጁ ሶሻል ቁጥር ፋይል እንዳለ ፈልጉልኝ በያቸው። የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ የሶሻል ካርዱን ኮፒና የአንቺን መታወቂያ ታያይዣለሽ። ፋይል ካለ ለልጅ የተከፈተ ስለሆነ ይሰረዝ በይ። ለመብራት ድርጅቱም ለዕዳ ሰብሳቢውም ተመሳሳይ ደብዳቤ ላኪ። እንዲህ ስትጽፊ ማንንም መክሰስ የለብሽም፤ የምትይው ይህ ሰው ልጅ ነው፣ አልፈረመም ብቻ ነው።

ካልሰሙሽ የማንነት ስርቆት ሪፖርት ይመጣል። እዚያ ላይ ማን እንዳደረገው ታውቂ እንደሆነ ይጠይቅሻል። እንግዲህ የማታውቂውን አታውቂ፣ የምታውቂውን ግን አላውቅም ብለሽ አትጻፊ። በመንግሥት ሪፖርት ላይ መዋሸት ወንጀል ነው፤ ያኔ ጥፋተኛው አንቺ ትሆኛለሽ። ወደዚያ ከመድረስሽ በፊት በካውንቲሽ ያለ ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ቢሮ ጠይቂ።

ወረቀቱ ሲያልቅ ፋይሉን አሳግጂው። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ወላጅ በነጻ ማሳገድ ይችላል። ፋይል ባይኖረው እንኳ ከፍተው ያግዱታል። ካላነሳችሁት ይቆያል። 16 ሲሞላው ራሱ ማዘዝ ይችላል።

ሽማግሌው_ሎስ_አንጀለስ፦

የልጁ መስመር ሳይከፈልም የሚሰረዝ መሆኑን አላወቅኩም ነበር። እንዲያ ከሆነ ቃሌን አንስቻለሁ። ካለ ክስ የሚያልቅ ከሆነማ እሰየው።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። እኛም የልጅ ልጆች አሉን። ዘመድ ቤት ሲቀመጥ «ፋይላችሁን አግዱ» ብንል ሰው ይቀየምብናል?

ሚሚ_ነርስ፦

ጋሼ፣ ማን ይሰማል ብለው ነው? ስልክ ላይ አንድ ቁልፍ ነው፤ የልጆቹ ደግሞ በፖስታ የሚሄድ ወረቀት። እንግዳው ሶፋ ላይ ሆኖ አያውቅም። እንዲያውም እኔ የእናቴንም አግጄያለሁ። 74 ዓመታቸው ነው፤ ካርድ አያወጡ፣ መኪና አይገዙ፤ ክፍት ሆኖ ምን ይሠራላቸዋል?

የታክስ ወረቀት ያለበትን መሳቢያ ግን ቆልፉ። እሱ በኮምፒውተር አይሆንም።

የናቲ_እናት፦

አመሰግናለሁ። ለባለቤቴ አነበብኩለት። «ክስ የለበትም?» አለኝ። የለበትም አልኩት። ቅዳሜ ደብዳቤዎቹን አብረን እንጽፋለን።

ሐና_ለንደን፦

ከዚህ ከእንግሊዝ ሆኜ ስቀና ነው የማነበው። እዚህ እንዲህ በሕግ የተሰጠ «ፋይሌን አግዱ» የሚባል ነገር የለንም። ያለን ሲፋስ የሚባለው ድርጅት ጋ ከፍለን ለሁለት ዓመት የምንመዘገብበት ነው። በስማችን ማመልከቻ ሲመጣ አባል የሆኑ ባንኮች ጠበቅ አድርገው እንዲያጣሩ ማስጠንቀቂያ ይታያቸዋል። ባንኩ ግን ፋይሉን ያያል። እናንተ ነጻ ነገር ኖሯችሁ እስካሁን አለማድረጋችሁ ይገርማል።

ኡበሩ_ዲሲ፦

አልኳችሁ ያንን አፕ? ዛሬ ሰረዝኩት። የወሩ ገንዘብ እቁቤ ውስጥ ይገባል። ፍሪዙን በነጻ አደረግኩ።

ጥያቄ አለኝ ግን። እዚህ አንድ ሰው አለ፣ ሁላችንንም በቴሌግራም የሚያገኘን። 350 ዶላር ክፈሉኝ፣ ክሬዲታችሁን አጸዳለሁ፣ ሦስቱንም ቢሮ አግዳለሁ፣ «አዲስ ቁጥር» አወጣላችኋለሁ ይላል። ጓደኛዬ ሊከፍለው ነው።

የታክስ_ሰው፦

ያዘው! ጓደኛህን እጁን ያዘው።

ማገዱ ነጻ ነው፣ ተባብለናል። ክሬዲት እጠግናለሁ የሚል ሰው ሥራውን ሳይጨርስ አስቀድሞ ገንዘብ መቀበል በፌዴራል ሕግ አይፈቀድለትም። «አዲስ ቁጥር» የሚለው ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው። በሶሻል ፋንታ ማመልከቻ ላይ ጻፉ እያሉ የሚሸጡት ዘጠኝ አሃዝ ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ሶሻል ነው። የናቲ ዓይነት የሕፃን ቁጥርም ሊሆን ይችላል። በዚያ ቁጥር ያመለከተ ሰው ራሱ ወንጀለኛ ይሆናል። ጓደኛህ 350 ዶላር ከፍሎ ወንጀል ሊገዛ ነው።

ዳላስ_ልጅ፦

እኔ የምጨምረው፣ ፍሪዝ ሁሉን አይዘጋም። ሳሚ ላይ የወጣው የስልክ አካውንት ለምሳሌ። የስልክና የመብራት ድርጅቶች ሌላ ፋይል የሚያዩበት ጊዜ አለ፤ ኤን ሲ ቲ ዩ ኢ ይባላል። የባንክ ሒሳብ ሲከፈት ቼክስ ሲስተምስን ያያሉ። እነሱ ጋም ማሳገድ ይቻላል። ጊዜ ያለው ያድርግ፤ እኔ አንድ እሑድ ከሰዓት ላይ ሁሉንም ጨርሻለሁ።

ታክስ ላይ ደግሞ ሌባው ቀድሞህ በስምህ ታክስ አስገብቶ ተመላሹን ሊበላ ይችላል። ለዚያ የታክስ መሥሪያ ቤቱ አይ አር ኤስ በየዓመቱ የሚቀየር ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር ይሰጣል። ያለ እሱ በስምህ በኢንተርኔት የሚላክ ታክስ አይቀበሉም። ድሮ ለተሰረቁ ብቻ ነበር፤ ከ2021 ጀምሮ ማንነቱን ማረጋገጥ ለቻለ ሁሉ ነው።

ቤዛ_ሲያትል፦

የኢኩዊፋክስ ካሣስ? እኔ 125 ዶላር ይደርስሻል ተብዬ ሞልቼ ነበር።

ሚሚ_ነርስ፦

እኔም ሞልቼ ነበር። የጠየቀው ሰው ከቀረበው ገንዘብ በለጠና ጥቂት ዶላር ደረሰኝ። ምሳ አልገዛም። ኢኩዊፋክስ የሚጠቀምበት ሶፍትዌር ቀዳዳ አለበት ተብሎ በማርች 2017 ማስጠንቀቂያ ወጥቶ ነበር። እነሱ ሳይደፍኑት ቀሩ። የአንድ ፓች፣ የአንድ ቀዳዳ መድፈኛ፣ ነገር ነው ይሄ ሁሉ። እኛ ሆስፒታል እጅ ሳይታጠብ በሽተኛ ብንነካ ምን እንደምንባል አስቡት።

ሳሚ_አሌክሳንድሪያ፦

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ለሚከተሉኝ ይጠቅም ብዬ ነው።

ሦስተኛው ቢሮ ደብዳቤዬ በደረሰው በሦስተኛው ቀን አገደ። ወረቀት ላከልኝ። የማንነት ስርቆት ሪፖርቱን ልኬ ካርዱ ከሁለቱ ፋይሎች ላይ ወዲያው ወረደ፤ ሦስተኛው ግን ሁለተኛ ደብዳቤ ጠየቀኝ። ለካርዱ ባንክ «በስሜ የተሞላውን ማመልከቻ ኮፒ ላኩልኝ» ብዬ ጻፍኩ። ይሄ መብት መኖሩን አላውቅም ነበር፤ 30 ቀን አላቸው፣ በነጻ ነው። በሃያ ስድስተኛው ቀን ደረሰኝ። የተሞላው ስልክ ቁጥር የማላውቀው ነው። የእናቴ ስም የሚል ቦታ ላይ «ማሪያ» ይላል። እናቴ እንኳን ማሪያ ልትባል፣ ሠፈራችን ውስጥ ማሪያ የሚባል ሰው አልነበረም።

የሰባት ዓመት የማጭበርበር ማስጠንቀቂያም አስገብቻለሁ። ለአንዱ ከነገርክ ለሁለቱ እሱ ያስተላልፋል፤ እንደ ፍሪዝ ሦስት ቦታ መሮጥ የለም። ያለ ሪፖርት የሚሰጠው የአንድ ዓመት ብቻ ነው። ፍሪዙና ማስጠንቀቂያው አብረው ይሄዳሉ።

የስልኩ ነገር አላለቀም። ድርጅቱ ከክፍል ክፍል እያዞረኝ ነው። ትናንት 52 ደቂቃ ሙዚቃ ሰማሁ።

መኪናውን ገዛሁ። ዲለሩን «ከየትኛው ቢሮ ነው የምታወጡት?» ስለው ከራሴ እስከ እግሬ አየኝ። ሁለቱን ነገረኝ። እዚያው ወንበሩ ላይ ሆኜ በስልኬ ለሁለት ቀን ከፈትኳቸው። ቡናውን ሳይጨርስ ሪፖርቱ መጣለት።

ኡበሩ_ዲሲ፦

እንኳን ደስ ያለህ! ምንድን ነው የገዛኸው?

ሳሚ_አሌክሳንድሪያ፦

ካምሪ።

ኡበሩ_ዲሲ፦

ነጭ እንዳትለኝ።

ሳሚ_አሌክሳንድሪያ፦

ነጭ ነው።